የእማማን ጉልበት ሳናስቀይም

ዝናቡ ካቆመ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ተቀይሯል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ሻጋታና ስለሚያፈስ ጣሪያ ስትጠይቁኝ ከርማችሁ፣ ጥቅምት ሲገባ ሁላችሁም መውጣት አማራችሁ። ዛሬ ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ይፈልጋል፤ ሌሎቻችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ከደጀን ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙም አትወጣም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ‹እዚህ አገር ወንዝ የለም እንዴ?› ትለኛለች። ዓባይን እያየች ያደገች ሴት ናት። ወንዱ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ‹ሦስት ሐውልት ወይም አደባባይ ላይ ያለ የጥበብ ሥራ አይተህ ጻፍ› ተብሏል። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፤ እሷ አይስክሬም ካለ የትም ትሄዳለች። ባለቤቴ እንጦጦ እንውሰዳቸው ይላል፣ እኔ ዳገቱን ፈራሁት። ሜዳ የሆነ፣ ወንዝ ያለው፣ ሐውልትም የማይጠፋበት መንገድ ይኖራል? ሽታውስ እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣ እናትሽን ሳላያቸው ወደድኳቸው። ወንዝ አለ በያቸው። እንዲያውም በዝቷል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፣ ባንቲይቀጡ፣ ትንሹ አቃቂ፣ ትልቁ አቃቂ። እኛ ግን ወንዝን የምናውቀው በድልድዩ ነው። «ድልድዩ ጋ ወራጅ አለ!» እንላለን እንጂ ከድልድዩ ሥር ምን እንደሚሄድ ጎንበስ ብለን አናይም።

እኔ አቃቂ ስኖር ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሥዕል ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ቀኝ ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሚቲዎሮሎጂ ቀድሞ ይነግረኛል። ስለዚህ አሁን የምነግርሽ መንገድ በራሴ ጉልበት የተፈተነ ነው።

እንጦጦን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ባለቤትሽም አይከፋው። እናንተ ባንቲይቀጡን ተከተሉ። ከቤተ መንግሥቱ ሥር፣ በፍል ውሃ በኩል፣ በጊዮን ሆቴል ጀርባ አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው ወንዝ ነው። ትንሽ ነው። እናትሽ አይተው «ይሄ ነው ወንዝ የምትሉት?» ቢሉሽ አትቀየሚ፤ ዓባይን ላየ ሰው ሁሉም ምንጭ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሽቅቡን በመኪና፣ ቁልቁሉን በእግር። ውሃው ወደሚሄድበት ሂዱ። «ቁልቁለት ለጉልበት ከዳገት ይብሳል» የምትልሽ ጎረቤት አትጠፋም። እውነቷን ነው፤ ቀጥ ያለ ቁልቁለትና ደረጃ ሲሆን ይብሳል። ይሄኛው ግን ለስለስ ያለ ነው። ብርቱካን ብታስቀምጪበት ልንከባለል ወይስ ልቅር ብሎ የሚያመነታበት ዓይነት።

ጠዋት ተነሱ። ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ቃሊቲ፣ ከዚያ ባቡር። ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ የሚመላለሰው የከተማ ባቡር መነሻው እዚያ ነው፣ እናትሽም ቦታ ያገኛሉ። አቦ፣ ሳሪስ፣ አደይ አበባ፣ ነፋስ ስልክ፣ ላንቻ፣ ተመንጃ ያዥ፣ ሪቼ እያላችሁ ስታዲየም ትወርዳላችሁ። ትንሿ የፌርማታዎቹን ስም እንድትይዝ አድርጊያት፤ ተመንጃ ያዥ ላይ ጥያቄ ማብዛቷ አይቀርም፣ ተዘጋጂ። ደረጃ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለእኔ ያስተማረችኝን ለእናትሽ ንገሪያቸው፦ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። እኔ ለመሸምደድ «ደህናው ወደ ሰማይ፣ ሕመምተኛው ወደ ምድር» እላለሁ። ትንሽ ያስፈራል፣ ግን አይረሳም።

ከስታዲየም ራይድ ጥሩና ወዳጅነት ፓርክ በር ላይ ውረዱ። ብዙ ሰው ሸገር ፓርክ ይለዋል። በ2012 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ነው የተመረቀው። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እናለማለን የተባለበት ዕቅድ አንዱ ቁራጭ ነው። አንድ ሰሃን 5 ሚሊዮን ብር የተሸጠበትን የ2011 ዓ.ም. እራት ታስታውሻለሽ? ገበታ ለሸገር የተባለው። እኔ ያን ቀን ሽሮዬን በልቼ ተኛሁ፤ ፓርኩ ውስጥ ግን አሁን እንደማንም ሰው እቀመጣለሁ።

እዚያ አትቸኩሉ። መንገዱ ደልዳላ ነው፣ መቀመጫ ሞልቷል፣ ሣር አለ፣ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ አለ። መሐሉ ላይ ያለው ሐይቅ ሰው ሠራሽ ነው፤ ውሃው በሙዚቃ ሲጨፍር ማየት የሚፈልግ ወደ ማታ ይመጣል። ለእናትሽ ጠዋቱ ይሻላል። መጸዳጃ ቤት የሚፈልግ ሰው እዚሁ ይጠቀም፤ ከአዋቂ ሴቶች ጋር ለሚወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ነገሩ ሳይነሳ የሚቀረው ሰው ስለሚያፍር ነው። አይስክሬሙንም እዚሁ ገላግሉት።

ከዚያ ወደ ፍል ውሃ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ቦታ ነው።

ፍል ውሃን ሐውልት ያለበት ቦታ ብለሽ አትጠብቂ። የሚታየው የመታጠቢያ ቤትና ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ የሚወጣ ሰው ነው። ግን አዲስ አበባ የምትባለው ነገር ከዚህ እንፋሎት ነው የወጣችው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ነበር ከተማቸው። ብርዱን ታውቂዋለሽ። ቤተ መንግሥቱ ገላውን ለመታጠብ እየወረደ እዚህ ይሰፍር ነበር። እቴጌይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ስሙንም እሳቸው አወጡለት። 1879 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህች ከተማ ለምን እዚህ ተቆረቆረች?» ብሎ ልጆችሽን ቢጠይቃቸው፣ «ሰው ገላውን ሊታጠብ ወርዶ በዚያው ቀረ» ይበሉ። አስተማሪው ካልወደደው ወደ እኔ ይላኩት።

ለእናትሽ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ውሃው እስከዛሬ ትኩስ ሆኖ ከመሬት ይወጣል፣ ሰውም እስከዛሬ ይታጠብበታል። ጉልበታቸውን ግማሽ ሰዓት ያህል ቢዘፈዝፉበት አይጠሉትም። ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለባቸው ግን አስቀድመሽ ሐኪም ጠይቂ፤ ትኩስ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በድንገት መነሳት ራስ ያዞራል። እኔ አንዴ ታጥቤ ስወጣ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እስካስር ድረስ አንዲት ሴትዮ የሕይወት ታሪኳን ነግራኝ ጨረሰች። ፍል ውሃ ሰው ያፍታታል፣ በሁሉም በኩል።

ከዚህ በኋላ ወንዙ ይጠፋባችኋል። ቀድሜ የምነግርሽ እንዳትደነግጪ ነው። በአጥርና በግቢ ጀርባ ይገባና መስቀል አደባባይ አካባቢ ድልድይ ሥር ብቅ ይላል። እናንተ በዋናው መንገድ፣ በምኒልክ ጎዳና ውረዱ። አደራ፣ በአቋራጭ ዳር ዳሩን ልሂድ እንዳትዪ። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ ደግ ልጅ «እማማ፣ በዚህ ያልፋል» አለኝ። የአዲስ አበባ ሰው የማያውቀውን መንገድ «አያልፍም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ጭቃውንና የተጣለውን ፌስታል ሁሉ እየረገጥኩ ሩብ ሰዓት ሄጄ የቆርቆሮ አጥር ጋ ደረስኩ። ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ጥበቃ በቀዳዳው አየኝና «ያልፋል ያሉት ያለፉ ሰዎች አሉ፤ መንገዱ ግን አያልፍም» አለኝ። እስካሁን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ያንኑ ሩብ ሰዓት ተመለስኩ።

በምኒልክ ጎዳና ስትወርዱ በአንድ በኩል ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎም ጊዮን ሆቴል ይመጣል። እናትሽ ከደከማቸው ጊዮን ግቢ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ሻይ ጠጥቶ ማረፍ ነው። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚያ ውስጥ ነው። በቅርቡ ታድሶ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

አዳራሹ ውስጥ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት አለ። 150 ካሬ ሜትር። የአፍሪካን ያለፈ፣ ያሁንና የነገ ነገር በሦስት ክፍል ያሳያል። ከውጭ ስታዪው ግን ምንም አይደለም፤ ጥቁር መስታወት ይመስላል። ባለቀለም መስታወት ከውስጥ ነው የሚታይ። ደጁ ላይ ሄዶ ዘው የሚባልበት ግቢ ስላልሆነ ቀደም ብሎ ማስመዝገብና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ጉዞ ካልደረሰላችሁ ለሌላ ጊዜ ያዙት፣ ግን አትርሱት።

እኔ ለምን እንደማልረሳው ልንገርሽ። ሥራ ላይ ሳለሁ ከአቃቂ 40 ተማሪ በአንድ አውቶቡስ ጭኜ ወስጄ ነበር። ስለ ሦስቱ ክፍሎች ማስረዳት ጀመርኩ፤ አንድም የሚሰማኝ የለም። ዞር ስል አንድ ልጅ መስታወቱን ትቶ ወለሉን ያያል። ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ አፍስሳለች። ልጁ እጁን ዘርግቶ ቀዩ ውስጥ አገባ። «መምህርት፣ እጄ ቀይ ሆነ!» አለ። ከዚያ 40ውም እጃቸውን ይዘረጉ ጀመር። ማስረዳቴን ተውኩት። ያ ልጅ በኋላ ሠዓሊ ሆኗል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

አሁን መስቀል አደባባይ ደረሳችሁ። ከፓርኩ በር እዚህ ድረስ እኔ ቀስ እያልኩ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል፤ ፍል ውሃንና የማወራበትን ሳልጨምር። እናትሽን ከላይኛው እርከን ላይ አስቀምጪያቸው፤ ደረጃውን አታስወርጃቸው። ጠዋት ከሆነ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እየተጠማዘዙ የሚሮጡ ልጆች ያያሉ። ለአገር ቤት ሰው ይህ ራሱ ትርዒት ነው። እናቴ በሕይወት ሳሉ አሳይቻቸው «ማን ነው የሚያባርራቸው?» ብለውኛል።

የቤት ሥራው ላይ እንምጣ። ለልጅሽ ሦስት ሥራ አለኝ፤ ሁሉም ከዚህ ቅርብ ናቸው። አንቺና እናትሽ ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ፣ ባለቤትሽ ልጆቹን ይዞ ይሂድ። እንጦጦ ስላልሄደ ጉልበት ተርፎታል።

አንደኛው እዚሁ ነው፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በር ላይ ያለው የሴቶች ሐውልት። ሙዚየሙ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። ውስጡ ለ7 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ የሰው አጽምና ፎቶ አለ። የ11 ዓመቱም ቢሆን ከአባቱ ጋር ተማክሮ ነው የሚገባው። ደጅ ያለው ሐውልት ግን ይበቃዋል። ፊታቸውን አይቶ ምን እንደሚሰማው ይጻፍ እንጂ ዓመተ ምሕረት አይደርድር።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለት አንበሶች ናቸው፤ አብረው ካልታዩ ግማሽ ናቸው። አንደኛው ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ነው። በ1923 ዓ.ም. ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጋር የቆመ። ዘውድ ደፍቷል፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ ተሠርቷል፣ አሁን ሊራመድ ይመስላል። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሮም ላይ አይቶት ተንበርክኮ የጸለየው፣ በኋላም ጎራዴ የመዘዘው በዚህ አንበሳ ፊት ነው ይባላል። አንበሳው ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ልጆች ስደተኛ ሆኖ የተመለሰ አንበሳ ሲባሉ ዓይናቸው ይበራል።

ሌላው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው፣ ለንጉሡ 25ኛ የንግሥ ዓመት በ1948 ዓ.ም. የቆመ። ይሄኛው ፀጉሩ አይቆጠርም። ድንጋዩ በትልልቁ ተገምሶ አንበሳ እንዲመስል የተተወ ነው። ስሠራ ሳለሁ ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃቸው ነበር፦ «ከሁለቱ የቱ ነው የሚያገሳው?» ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ይጨቃጨቃል። ልጅሽ መልሱን ከነምክንያቱ ከጻፈ አስተማሪው ሌላ ነገር መጠየቅ የለበትም።

እግር ካለቀ ብሔራዊ ቴአትሩን ዝለሉት፤ ለገሃር ይበቃል። የራስ ብሩ ቤት፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ መስቀል አደባባይ ላይ ነው፤ የእንጨት በረንዳውን ከውጭ ማየት ብቻም ደስ ይላል። እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንን እናትሽ ሳይሳለሙ እንደማያልፉ አውቃለሁ፣ እሱን ለሳቸው ተይላቸው።

ሽታውን ጠይቀሻል። አለ። ልዋሽሽ አልችልም። ፓርኩ ውስጥ ብዙም አይሰማም፤ ድልድይ ላይ ስትቆሙ ግን ነፋሱ እንዳመጣው ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ውሃው ሲቀንስ ይብሳል፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲበረታም እንደዚያው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሽታው ይቀንሳል ግን ውሃው ይቆጣል፤ ያኔ ወንዝ ዳር ከልጅ ጋር አይኬድም። አሁን፣ ጥቅምትና ኅዳር፣ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ከሁሉም ይሻላል። ስትመለሱ ከስታዲየም ባቡር ነው። አራተኛ ፎቁን ግን ምን እንደማደርግልሽ አላውቅም። አንደኛው ፎቅ ላይ ካለችው ጎረቤትሽ ጋር ከአሁኑ ተዋደጂ፤ እማማ እዚያ ቡና ጠጥተው አርፈው ይውጡ።

«መምህርት፣ ሐውልትና ድልድይ ፎቶ ማንሳት ይቻላል? ባለፈው ስልኬን አውጥቼ አንድ ጥበቃ ጮኸብኝ።»
ተማሪ፣ ከገላን

ሐውልቱን አንሳ፣ ቤተ መንግሥቱን ተው። ምኒልክ ጎዳና ላይ ስልክህን ኪስህ አድርገህ እለፍ፤ በር ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ካለ ያ ግቢ ፎቶ አይነሳም በቃ። ድልድይ ላይም ቢሆን መጀመሪያ ጠይቅ። «ወንድሜ፣ አንዴ ላንሳ?» ያልከው ሰው አይጮህብህም፤ አንዳንዱ እንዲያውም «እኔንም አንሳኝ» ይልሃል። ከዚያ አለማንሳት አትችልም።

«ሰላም እትዬ። የአቃቂ ልጅ ነኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን ሁሌ ሰውን ወደ መሐል ከተማ ነው የሚልኩት። እኛም ወንዝ አለን። ለምንድን ነው እዚህ የእግር መንገድ የማይጠቁሙት? እርስዎ ራስዎ የኛ ሰፈር ሰው አይደሉ?»
ቅር ያለው፣ ከአቃቂ

ቅሬታህን ተቀብያለሁ የኔ ልጅ። ከላይ ያለውን መልስ ስጽፍም ይህ ነገር ውስጤ ነበር።

ባንቲይቀጡ መስቀል አደባባይን አልፎ ወርዶ ከቀበና ይቀላቀላል፤ ቀበና ወርዶ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትልቁ አቃቂ በእኛ ደጅ ያልፋል። የቱሉ ዲምቷ እናት ፓርክ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩት ውሃ ወደ እኛ የሚመጣው ነው። በመንገዱ የመሐል ከተማውን ሁሉ እድፍ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካውን ዝቃጭ ሰብስቦ ነው የሚደርሰን። እኔን ሁሌም የሚያስቀኝ ደግሞ ሌላው ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ወደ ከተማ የሚወጣ የመጠጥ ውሃ አለ። ንጹሑን ከመሬት አውጥተን ሽቅብ እንልካለን፣ ታጥበውበት ቁልቁል ይመልሱልናል። ለዚህ ነው እንግዳ ወንዛችንን ልየው ሲለኝ አፌ የሚያያዝብኝ።

ግን አለን፣ ልክ ነህ። ከዋናው መንገድ ድልድይ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቆመህ ታውቃለህ? ጭጋጉ ሳይነሳ፣ ከብት ተከትለው የሚሄዱት ነጫጭ ወፎች ዳሩን ሞልተውት፣ ሰዎች በሞተር ውሃ እየሳቡ ጎመንና ሰላጣ ሲያጠጡ። ያምራል። ጎመኑን ግን እኔ በደንብ ሳላበስል አልበላም፣ ሰላጣውን ጭራሽ። ከዚያ የድሮውን የጅቡቲ ሐዲድ ይዞ መሄድ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከተማ ሳይገባ የሚያልፈው በእኛ ነበር። ሐዲዱ ሜዳ ነው፣ ሰው ይሄድበታል፣ ለጉልበትም ደግ ነው፤ እንጨቶቹን ትተህ ጎን ጎኑን ከሄድክ።

ወደ ታች የመሄድ አቅም ያለው ሰው አባ ሳሙኤል ድረስ ይውረድ። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ሁለቱም እዚያ ይገባሉ፤ ከዚያ አዋሽ ነው፣ ከዚያ አፋር በረሃ። ግድቡ በ1932 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ለከተማዋ ኢምንት ነው። ሐይቁ ላይ እምቦጭ አለ፤ ከሩቅ ሣር ይመስላልና ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው እጁን አይልቀቅ።

የአደባባይ ጥበብ የለንም ትላለህ? አንድ አለን። ከቤቴ ወደ ሐዲዱ ስትሄድ የአንድ ጋራዥ ረጅም አጥር አለ። ያ እጄ ቀይ ሆነ ያለኝ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ አጥሩ ላይ ሊቶሪናዋን፣ ያቺን የድሮ ባቡር፣ ሥሏታል። ከቤት ቀለም በተረፈ ቀለም ነው የሠራው፤ ክሬም፣ አረንጓዴ፣ የሆነ የማይታወቅ ቡናማ። በመስኮቶቹ የሚያዩት ሰዎች የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ ዳቦ ሻጯ፣ የድሮው ዘበኛ፣ ሁለት ፍየል። እኔም አለሁ፣ መነጽር አድርጌ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ። ዝናቡ ከታች በኩል እየላጠው ነው፣ ቶሎ እየው።

ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብዬ ስቆጥር በፊት በኩል አራት መሆን የነበረበት ጎማ አምስት ነው። መምህር ጡረታ ቢወጣም ቀይ እስክሪብቶው አይወጣም፤ ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ጎማዎቹን ቆጠራቸው። አንገቱን አከከ።

«አምስተኛው ነው የሚገፋት መምህርት» አለኝ።